ከሩቅ ስለሚሾም መጋቢ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ወርቅ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በግንደወይን ከተማ፣ የጤፍ ዱቄት፣ ሽሮ፣ ማርና ጋቢ በቴሌግራምና በፌስቡክ እያስታወቀች በአዲስ አበባና በሌላም አገር ላሉ ደንበኞች የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ፣ ሥራው ከአቅሟ በላይ እየሆነ ስለ ሄደ፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያስተዳድርላት ሥራ አስኪያጅ ለመቅጠር አሰበች። አሳቧን ከማጽናቷ በፊት ግን ፊደልና ዳዊት ያስተማሯትን፣ በኋላም በደብራቸው ሰበካ ጉባኤ በጸሐፊነት ለረጅም ዘመን ያገለገሉትን የኔታን ልታማክር ሄደች። በመካከላቸው የተደረገው ንግግር የሚከተለው ነው።

ነጋዴዋ፦ እንደምን ሰነበቱ የኔታ? ንባብዎን አቋረጥሁብዎት መሰለኝ።

የኔታ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፤ አንቺስ እንደምን ሰነበትሽ? መጽሐፉ የትም አይሄድም፤ ተቀመጪ። ፊትሽን ሳየው ግን ለሰላምታ ብቻ የመጣሽ አትመስዪም።

ነጋዴዋ፦ ልክ ነዎት፤ ምክር ፈልጌ ነው። ንግዴ፣ እንደሚያውቁት፣ ከእናቴ ጓዳ የተነሣ ነው። ዛሬ ግን ሴቶቹ ሽሮውን ሲያሰናዱ ከአጠገባቸው መቆም፣ ከሸማኔዎቹ ጋር መዋዋል፣ ለደንበኛው ጥያቄ መልስ መስጠት፣ የተላከውን ገንዘብ ማረጋገጥ፣ ዕቃውን በአውቶቡስ መጫን፣ አዲስ አበባ ሲደርስም ሞተረኛ ፈልጎ በየደጁ ማድረስ፣ ይህ ሁሉ በእኔ በአንዲቱ ላይ ስለ ወደቀ፣ እንቅልፌን ትቼ ስልክ ይዤ አድራለሁ። ስለዚህ ሰው ልቀጥር ቆርጬአለሁ፤ የሚያስጨንቀኝ ግን በየቀኑ በዓይኔ በማላየው ሰው እጅ ንብረቴን እንዴት እንደምጥል ነው።

የኔታ፦ ይህ ጭንቀት በአንቺ አልተጀመረም። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር አይቶ አዘነለትና፣ ሸክሙን ለሺ አለቃ፣ ለመቶ አለቃ፣ ለሃምሳ አለቃና ለዐሥር አለቃ እንዲያካፍል እንደ መከረው በኦሪት ዘጸአት በ18ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ የምክሩን ተራ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ዮቶር ሹማምንት እንዲመርጥ ከመንገሩ በፊት፣ ሙሴ ሥርዓቱን ለሕዝቡ እንዲያስታውቅ፣ የሚሄዱበትንም መንገድ፣ የሚሠሩትንም ሥራ እንዲያሳያቸው ነገረው፤ ሰው የመምረጡ ነገር ከዚያ ቀጥሎ የመጣ ነው። አንቺ ግን፣ ንግግርሽን እንደ ሰማሁት፣ ሥርዓቱ ሳይጻፍ ከሰው ምርጫ ልትጀምሪ ነው።

ነጋዴዋ፦ ሰውስ አላጣሁም የኔታ። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ አለ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ አጥቷል፤ ታማኝነቱንም ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። በአደራ ብሰጠው ምን ይጎድላል? አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባል የለም?

የኔታ፦ ይባላል፤ ነገር ግን አደራ ተቀባዩን ቢያስርም ሰጪውን ከጥንቃቄ ነጻ አያወጣውም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ልጅ የወሩን ሒሳብ በቀኑ ባያቀርብ፣ ደውለሽ ስለ ምን ዘገየህ ትዪዋለሽ? ማር ጎደለ ቢልሽ፣ የተረከብህበትን ደረሰኝ አሳየኝ ለማለት ትደፍሪያለሽ? ሥራውም ባይሆንለት ታሰናብቺዋለሽ፣ ወይስ አክስቴ ለፋሲካ ስንገናኝ ምን ትለኝ ይሆን ብለሽ ዓመቱን ሙሉ ትታገሺዋለሽ?

ነጋዴዋ፦ እውነቱን ለመናገር እታገሠዋለሁ።

የኔታ፦ እንግዲያውስ ሒሳብ ለመጠየቅ የማትደፍሪውን ሰው በሒሳብ ላይ አትሹሚ። ዘመድ አይቀጠር ማለቴ ግን አይደለም፤ ለባዕድ የምታቀርቢውን ፈተና ለእርሱም ካቀረብሽለት፣ ለባዕድ የምትጽፊውን ውልም ሳታፍሪ ካስፈረምሽው፣ ከሌሎች ጋር ይወዳደር። ለመሆኑ ግን እዚሁ ከግንደወይን ስለ ምን አትቀጥሪም? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለውን እኔም እንደ አንቺ ሰምቼዋለሁ።

ነጋዴዋ፦ ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው፣ የደንበኞቼ ብዛት አዲስ አበባ ነው፤ ዕቃው ከአውቶቡስ ሲወርድ የሚረከብ፣ የተበላሸውን የሚለይ፣ ቅሬታ ያለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚያነጋግር ከዚያው ያስፈልገኛል። ሁለተኛውን እርስዎም ያውቁታል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ደንበኞቼ ይጽፉልኝ ነበር፤ እኔ ግን ጽሑፋቸውን ማየት አልቻልሁም። ገንዘብ የላኩት ሰዎች ሳይቀሩ ጠፋች ብለው ተስፋ ቆረጡ። እኔ ዝም ለማለት በምገደድበት ጊዜ በእኔ ስፍራ ሆኖ የሚናገር ሰው ቢኖረኝ ኖሮ ያን ያህል ስሜ ባልጎደፈ ነበር።

የኔታ፦ ይህስ ርቱዕ ምክንያት ነው። ሩቅ ሆኖ ማስተዳደርም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ንጉሡ በአንድ ከተማ ተቀምጦ ሩቁን አገር በእንደራሴ ሲገዛ ኖሯል፤ በአጤ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር የተዘረጋውም በቤተ መንግሥቱና በሩቁ ግዛት መካከል ያለውን የመልእክተኛ ጉዞ ለማሳጠር ነው። የጎጃም ነጋዴም ቢሆን በባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጣውን ሸቀጥ ገዝቶ ወደ ሰሜን ሲልክ፣ ራሱ ከአጋሰሱ ኋላ ሁልጊዜ አይሄድም ነበር፤ የሚያምነውን ሰው ይልክ ነበር። ስለዚህ ሊያሳስብሽ የሚገባው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን፣ በመንገዱ ጫፍ ላለው ሰው ምን እንደ ሰጠሽውና ምን እንዳስቀረሽበት በግልጽ ተወስኖ እንደ ሆነ ነው።

ነጋዴዋ፦ ገብር ኄር ትዝ አለኝ። በዐቢይ ጾም በስድስተኛው ሰንበት ሲሰበክ እንደ ሰማሁት፣ ባለጸጋው ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱም አንድ መክሊት ሰጥቶ ሄደ። ነገር ግን የኔታ፣ ያ ጌታ ከሄደ በኋላ እስከ ብዙ ዘመን አልተመለሰም፣ በመካከልም አልጠየቃቸውም። እኔ እንደ እርሱ ብጠብቅ ስመለስ የማገኘው የተቀበረ መክሊት ብቻ ሳይሆን የተሸጠ መክሊት ይሆናል።

የኔታ፦ ምሳሌ ለመጣበት ምስጢር እንጂ ለነገሩ ሁሉ አይጎተትም፤ ያ ታሪክ ስለ መጨረሻው ፍርድ ስለ ተነገረ የጌታው መዘግየት የራሱ ፍቺ አለው። ለንግድ የሚሆነውን ትምህርት ከፈለግሽ ግን፣ ጌታው ለሦስቱም እኩል አለመስጠቱን ተመልከቺ፤ ለእያንዳንዱ እንደ ችሎታው መጠን ሰጠ። አንቺም ለአዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቤትሽን ሁሉ አታስረክቢ። በመጀመሪያ መልስ መስጠቱን ብቻ ስጪው፤ ይህን በሚገባ ሲፈጽም ዕቃ መረከቡንና ማድረሱን ጨምሪለት፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብ የሚነካውን ሥራ በልክ አቅምሺው።

ነጋዴዋ፦ እንግዲህ ሥርዓቱን ልጻፍ ካልሁ ከምን ልጀምር? ሥራው በራሴ ውስጥ ነው እንጂ በወረቀት የለም።

የኔታ፦ እንግዲያው መጀመሪያ ለራስሽ ንገሪው። አንድ ደንበኛ አንድ ነገር ካዘዘበት ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው እጁ እስኪገባ ድረስ የሚሆነውን ምንም ሳታስቀሪ ተርኪልኝ።

ነጋዴዋ፦ ደንበኛው በቴሌግራም ይጽፋል። ዋጋውንና የማድረሻውን ሒሳብ እነግረዋለሁ። እርሱም በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍልና የክፍያውን ምስል ይልክልኛል። እኔም ገንዘቡ መግባቱን አይቼ ስሙን፣ ሰፈሩንና ስልኩን በደብተር እመዘግባለሁ፤ ዕቃው ታሽጎ ለሾፌሩ ረዳት ይሰጣል፤ የአውቶቡሱን ሰሌዳና የረዳቱን ስልክ ለተቀባዩ እልካለሁ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ሞተረኛው ያደርሳል፤ ደንበኛው ተቀበልሁ ሲል በደብተሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

የኔታ፦ ገንዘቡ መግባቱን አይቼ ያልሽውን እንዴት ነው የምታዪው? ከምስሉ ነውን?

ነጋዴዋ፦ ደግ ቦታ ነኩ። የክፍያ ምስል በስልክ ላይ ተቀነባብሮ ሊሠራ ስለሚችል በምስል ዕቃ የሚለቅ ነጋዴ ይከስራል። እኔ የግብይቱን ቁጥር ይዤ በራሴ ሒሳብ ውስጥ ገንዘቡ መግባቱን ሳላይ ዕቃ አላወጣም።

የኔታ፦ ይህን በቃል የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ፤ የሚቀጠረው ሰው ግን ምስሉን አምኖ ዕቃ ቢለቅ ጥፋቱ የእርሱ ነው ለማለት አትችዪም፤ አልነገርሽውምና። እንግዲህ አሁን የተረክሽውን ሁሉ በተራ ጻፊው፤ በእያንዳንዱም ተራ ሥር ሦስት ነገር ጨምሪ፤ ማን እንደሚሠራው፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚፈጸም፣ ሳይሆን ቢቀር ምን እንደሚደረግ። ማሩ ፈሶ ቢደርስ፣ ጋቢው ከተባለው ቢያጥር፣ ደንበኛው ቤቱ ባይገኝ፣ አውቶቡሱ ከዓባይ በረሃ ላይ ተበላሽቶ ቢያድር፣ ለእያንዳንዱ አስቀድሞ የተወሰነ መልስ ይኑርሽ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ሰው የጌታውን ፊት አይቶ ፈቃዱን ይረዳል፤ በሩቅ ያለው ግን ከጽሑፍሽ በቀር የሚያየው ፊት የለውም።

ነጋዴዋ፦ ይህን እጽፈዋለሁ። ስለ ገንዘቡስ ምን ይመክሩኛል?

የኔታ፦ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተባለው ጽሑፋቸው ለመንግሥት ካቀረቡት ምክር አንዱ፣ የንጉሡ የግል ገንዘብና የመንግሥቱ ገንዘብ ይለይ የሚል ነው። ኋላ ጉምሩክን በሹመት ያዩት እኒህ ሰው፣ የማን እንደ ሆነ ያልተለየ ገንዘብ ሊቆጠር እንደማይችል ያውቁ ነበር። አንቺስ? የቤትሽ አስቤዛና የንግድሽ ገንዘብ በአንድ ቋት አይደለምን?

ነጋዴዋ፦ በአንድ ቋት ነው። ለእኅቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ስልክም ከዚያው እልካለሁ።

የኔታ፦ እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ገንዘብ ጎደለ ቢልሽ፣ አንቺ ያወጣሽው ይሁን እርሱ ያጠፋው በምን ይታወቃል? ሰው ከመቅጠርሽ በፊት ለንግድሽ የራሱን የባንክ ሒሳብ ክፈቺለት፤ ለራስሽም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የወር ደመወዝ ቁረጪ። ቀጥሎም የሰበካ ጉባኤን ሥርዓት ተመልከቺ። ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሀብት በአንድ አለቃ እጅ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ካህናትና ምእመናን በተመረጡበት ጉባኤ እንዲጠበቅ አደረገ፤ ገንዘብ የሚይዘውና ሒሳብ የሚጽፈው ሰውም የተለያየ ነው። ይህም ሰዎቹን ሌባ ናቸው ከማለት የመጣ አይደለም፤ ብቻውን የሚቆጥር ሰው በተሳሳተ ጊዜ ስሕተቱን የሚያይለት፣ በታማም ጊዜ ንጽሕናውን የሚመሰክርለት ስለሌለው ነው።

ነጋዴዋ፦ እኔ ግን ሁለት ሰው ለመቅጠር አቅም የለኝም።

የኔታ፦ አንዷ አንቺ ነሽ። እርሱ የትእዛዙን መዝገብ ይያዝ፤ አንቺ ሒሳቡን ያዢ። ወጪ ሲያስፈልግ እርሱ ይጠይቅ፤ አንቺ ልቀቂ። ሁለቱ መዝገቦች በሳምንት አንድ ቀን ጎን ለጎን ቀርበው ይመሳከሩ።

ነጋዴዋ፦ ለሞተረኛና ለመጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር እኔን መጠየቅ ካለበትስ መቅጠሬ ምን ጠቀመኝ? ለጥቃቅኑ ወጪ፣ በመሥሪያ ቤት ፔቲ ካሽ እንደሚሉት፣ መጠኑ የታወቀ ገንዘብ በእጁ ይኑር፤ ደረሰኙን ሲያስረክብ የጎደለው ይሞላለት፤ ከተወሰነው ልክ ያለፈው ብቻ ወደ እኔ ይምጣ።

የኔታ፦ መልካም አሰብሽ፤ ታላቁ ነገር ወደ ሙሴ ይምጣ፣ ታናሹን እነርሱ ይፍረዱ ከተባለው ጋርም ይስማማል። ቁልፉስ? የዛሬ ሱቅ በር የለውም ሲባል እሰማለሁ።

ነጋዴዋ፦ በር የለውም፣ ቁልፍ ግን አለው። የቴሌግራሙ ቻናል ባለቤትነት በእኔ ስም ጸንቶ ይቆያል፤ እርሱ አስተዳዳሪ ሆኖ ይጨመራል፤ መጻፍና መመለስ ይፈቀድለታል፤ ሌላ አስተዳዳሪ መሾም ግን አይፈቀድለትም። የፌስቡኩም እንደዚሁ ነው። ሲም ካርዱ በእኔ ስም የወጣ፣ የቴሌብሩም ሒሳብ የእኔ ይሆናል። ሰው ሲሰናበት ገጹንና ደንበኞቹን ይዞ የሚሄደው መጀመሪያውኑ ሁሉ በእርሱ ስልክ ስለ ተከፈተ ነው። የደንበኞቼ ስም፣ ስልክና አድራሻም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. ከወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በኋላ እንደ ቀልድ ለማንም የሚሰጥ ነገር ስላልሆነ፣ ምስጢር ጠባቂነቱ በውሉ ውስጥ ይገባል።

የኔታ፦ ውሉን ካነሣሽው ዘንድ፣ ሕጉ ይህን ሰው ምን ብሎ ይጠራዋል?

ነጋዴዋ፦ ጠበቃ ጠይቄ የተረዳሁት እንዲህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪ የሚለውን ሰው አይሸፍንም፤ የሥራ መሪ የሚባለውም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ነው። እንግዲህ ማዕርጉን ሥራ አስኪያጅ ብዬ ብጠራውም፣ ሕጉ የሚመዝነው የሰጠሁትን ሥልጣን ነው። እነዚህን ሥልጣኖች ካልሰጠሁት እንደ ማንኛውም ሠራተኛ አዋጁ ይጠብቀዋል፤ የሙከራው ጊዜም በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። ሥልጣኑን ከሰጠሁት ግን ግንኙነታችን በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውላችን ስለሚዳኝ፣ ያልጻፍነው ነገር ሁሉ በኋላ ክርክር ይሆናል። የጡረታ መዋጮም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት እኔ ከደመወዙ 11 በመቶ፣ እርሱ 7 በመቶ እንከፍላለን።

የኔታ፦ በአንቺ ስም ሆኖ ውል ሊዋዋልስ ይችላልን?

ነጋዴዋ፦ ውክልና ከሰጠሁት ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልናን የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያደርገዋል፤ ይኸውም ንብረት መጠበቅ፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ለሽያጭ የተዘጋጀውን ወይም የሚበላሸውን ዕቃ መሸጥ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥን፣ መታረቅንና ስጦታ መስጠትን ለመሰለው ነገር ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ለእኔ ንግድ ጠቅላላው ይበቃል፤ ልዩውን አልሰጥም።

የኔታ፦ ሕግ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ደስ ብሎኛል። ሆኖም እኛ በዘመናችን ገንዘብ የሚይዝ ሰው ስንቀጥር ዋስ እንጠራ ነበር። ዋስ ካለው ሌላው ነገር ሁሉ ይቀላል።

ነጋዴዋ፦ በዚህስ ከእርስዎ ጋር አልስማማም የኔታ። ዋስ የሚጠቅመው ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ሕጉም ቢሆን ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናውን አያጸናውም። ከዚህም በላይ ባለደመወዝ ወይም ቤት ያለው ዋስ ሊያገኝ የሚችለው ባለጸጋ ዘመድ ያለው ሰው ነው፤ ዕውቀት ኖሮት ዘመድ የሌለው የድኻ ልጅ ከደጅ ይመለሳል። በእጁ የሚገባውን ገንዘብ ከወሰንሁት፣ በየሳምንቱም ከተሳሰብን፣ በፋይዳ መታወቂያውም ማንነቱን ካረጋገጥሁ፣ የዋሱ አስፈላጊነት በጣም ያንሳል።

የኔታ፦ አሳመንሽኝ፤ ይህን ነገር በድኻው ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። ታዲያ ከሚመጡት ሰዎች መካከል የሚሆንሽን በምን ትለዪዋለሽ? በምስክር ወረቀት ነውን?

ነጋዴዋ፦ የምስክር ወረቀት ተምሯል ይለኛል፤ የተቈጣ ደንበኛ ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ ግን አይነግረኝም። ስለዚህ ማስታወቂያውን ሳወጣ ደመወዙን፣ የሥራውን ሰዓትና ዝርዝሩን በግልጽ እጽፋለሁ፤ ደመወዝ በስምምነት የሚለው አነጋገር የብዙ ሰው ጊዜ ያባክናል። ከተመረጡት ለጥቂቶቹ አጭር ሥራ ሰጥቼ የድካማቸውን ዋጋ እከፍላለሁ። ማሩ ፈሶ ለደረሰባት ደንበኛ መልስ እንዲጽፉ፣ የማይገጥሙ ሁለት መዝገቦችን አስታርቀው ጉድለቱ የት እንዳለ እንዲያሳዩ፣ በአንድ ቀን የደረሱ ትእዛዞችን ከቦሌ እስከ አዲሱ ገበያ በምን ተራ እንደሚያደርሱ እንዲያቅዱ አደርጋለሁ። በመጨረሻም አስቀድሞ ያሠሩአቸውን ሰዎች በስልክ አነጋግራለሁ።

የኔታ፦ ለእነዚያ ሰዎች ታማኝ ነው ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም አዎን ይላል። ስሕተት በሠራ ጊዜ ከማን ሰማችሁት ብለሽ ጠይቂ። ስሕተቱን ራሱ መጥቶ የሚናገር ሰው፣ በሩቅም ቢሆን፣ ከጎንሽ እንዳለ ነው፤ የሚሸሽግ ግን ከጎንሽ ቢቀመጥም ሩቅ ነው።

ነጋዴዋ፦ ይህን ጥያቄ እመዘግበዋለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሠራተኛውን ኮምፒዩተር በየጊዜው ፎቶ እያነሣ ለአሠሪው የሚልክ ፕሮግራም አለ፤ እርሱን ላስገባበትን?

የኔታ፦ ተማሪዬ ቅኔ ሲቆጥር ከንፈሩ መንቀሳቀሱን እየቆጠርሁ ብውል፣ ለጉባኤ የሚያቀርበው ቅኔ የተበላሸ ቢሆን ምን እጠቀማለሁ? የምጠይቀው ቅኔውን ነው። አንቺም በሳምንቱ ውስጥ የገቡት ትእዛዞች ስንት ናቸው፣ በቀናቸው የደረሱት ስንት ናቸው፣ ስንት ቅሬታ መጣ፣ ስንቱስ ተፈታ፣ የገባው ገንዘብ ከወጣው ዕቃ ጋር ይገጥማል ወይ ብለሽ ጠይቂ። እነዚህ ከተሟሉ በመካከሉ ቡና ቢጠጣ ምን ገደደሽ? ካልተሟሉም ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ማፍጠጡ አያድንሽም።

ነጋዴዋ፦ ስለ ደመወዙስ? በርካሽ የሚሠሩልኝ ሞልተዋል።

የኔታ፦ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ከባዶ አልተነሣም። በድሮው ሥርዓት ሹሙ ደመወዝ አይቆረጥለትም ነበር፤ በተሾመበት አገር ግብር ይኖር ስለ ነበር በሥልጣኑ መብላት እንደ መብቱ ይቆጠር ነበር። የማያኖር ደመወዝ የሚከፍል ጌታ ተረቱን በገዛ ቤቱ ይተክለዋል። ደመወዙን በሚገባ ቁረጪ፣ በቀኑም ክፈዪ፤ የኢንተርኔቱንና የስልኩን ወጪም አንቺ ቻዪ፤ የሥራሽ መሣሪያ ነውና በእርሱ ኪስ መገዛት የለበትም። የዕረፍቱን ሰዓትም አክብሪ፤ ሌሊት እየደወልሽ የምትቀሰቅሺው ከሆነ አሁን የምታማርሪበትን ድካም ወደ ሌላ ሰው አዛወርሽው እንጂ አላስቀረሽውም።

ነጋዴዋ፦ እሺ የኔታ። የቀረኝ ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። መስመሩ እንደገና ቢቋረጥ፣ እኔም ብጠፋ፣ እርሱ በዚያ ምን ያድርግ?

የኔታ፦ ይህን መጠየቅሽ ደግ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሳሳት ሊታረም ይችላል፤ ይህ ግን በዕለቱ የሚጠየቅ ሰው ስለሌለ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ኢንተርኔት ሲጠፋ ድምፅና አጭር መልእክት የሚሠሩበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ በቀን በተወሰነ ሰዓት እንድትደዋወሉ ይወሰን። ያም ቢጠፋ፣ በእጁ ያለውን ዕቃ እስከምን ድረስ ሊሸጥ እንደሚችል፣ አዲስ ትእዛዝ መቀበሉን መቼ እንደሚያቆም፣ ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ ላልደረሰው ሰው ከየትኛው ገንዘብና እስከ ስንት ብር ሊመልስ እንደሚችል፣ ለደንበኞቹም ምን ብሎ እንደሚያስታውቅ ይጻፍ። መዝገቡም በሁለታችሁ ዘንድ በወረቀት ይገኝ።

ነጋዴዋ፦ እስካሁን ሰው የምቀጥረው ሥራዬን እንዲያቀልልኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። አሁን እንደምረዳው ግን ከመቅጠሬ በፊት ሥራዬ ሊበዛ ነው።

የኔታ፦ ለጥቂት ጊዜ ይበዛል፤ ከዚያ በኋላ ይቀላል። ይህን ድካም ለመሸሽ ቸኩሎ የሚቀጥር ሰው፣ ኋላ ሰው ከዳኝ እያለ ሲያዝን እናያለን፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከዳኝ የሚለው ሰው ምን እንዲያደርግ እንደ ታዘዘ ቢጠየቅ መልስ የለውም። እንግዲህ ቍርጥ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ወር ማንንም አትቅጠሪ። በመጀመሪያ የንግድሽን ገንዘብ ከቤትሽ ገንዘብ ለዪ፤ ቀጥሎ የአንድን ትእዛዝ መንገድ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ጻፊ፤ ከዚያም አንቺ ዝም ለማለት በምትገደጂበት ቀን ሊደረግ የሚገባውን ጨምሪበት። ይህ ጽሑፍ ሲፈጸም ለማታውቂው ሰው ስጪውና ያንብበው፤ አንብቦ ምንም ሳይጠይቅሽ የአንድ ቀን ሥራ ሊሠራ ከቻለ ማስታወቂያሽን አውጪ፤ ካልቻለ ጽሑፍሽን እንደገና አርሚ። የአክስትሽ ልጅም ቢሆን ከሌሎቹ ጋር በዚያው በር ይግባ።